ጥንብ አንሣ አሞሮች፤ መልካቸው፣ ጠባያቸውና መኖሪያቸው

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር አርሶ አደር ከብቱን በሕይወት ሳለ በሚገባ ይንከባከባል። ከሞተ በኋላ ግን በድኑ የት እንደሚደርስ ብዙም አያስብበትም። በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት ሳይታረድ የሞተ ከብት ሥጋው አይበላም። የጋማ ከብት ደግሞ ከነጭራሹ ለምግብነት አይውልም። ስለዚህ በሬ ገደል ቢገባ፣ አህያ በእርጅና ቢሞት፣ በግ በበሽታ ቢያልቅ፣ ቆዳው የሚፈለግ ከሆነ ተገፎ፣ ካልተፈለገም እንዳለ ከመንደር ወጣ ተደርጎ ይጣላል። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ በቦታው የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው። ውሎ ሲያድር አብዛኛው አጥንትም ይጠፋል። ይህን የጽዳት ሥራ ሌሊት ጅብ፣ ቀን ደግሞ አሞራ ያከናውኑታል።

አሞራ ለዚህ አገልግሎቱ ምስጋና አግኝቶ አያውቅም። ሰው ሲሰደብ «ጥንብ አንሣ» ይባላል፤ ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረ ሁሉ «የአሞራ ሲሳይ ሆነ» ይባላል፤ እረኛም አሞራ ባየ ቁጥር ወንጭፉን ያነሣል። ይሁን እንጂ አሞራ ከአንድ አገር ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ከሌሎች አገሮች የታየው ሁኔታ ብዙ ያስተምራል። በአፍሪካም የእነዚህ አሞሮች ቁጥር በፍጥነት እየቀነሰ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢው፦

1. በአካባቢው ሊታዩ የሚችሉትን ጥንብ አንሣ አሞሮች በመልካቸው ለይቶ እንዲያውቅ፣
2. አኗኗራቸውንና ጥቅማቸውን እንዲረዳ፣
3. የሞተ ከብትን፣ የሰብልና የከብት መድኃኒትን እንዲሁም መርዝን በሚመለከት ሊወስድ የሚገባውን ጥንቃቄ እንዲያውቅ ነው።

1. የአካባቢው አቀማመጥ

አሞራ ለኑሮው ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። እነርሱም ሰውና አውሬ የማይደርስበት ጎጆ መሥሪያ፣ ሳይደክም የሚንሳፈፍበት ነፋስና ሳይቋረጥ የሚገኝ በድን ናቸው። ምሥራቃዊው የደቡብ ጎንደር ክፍል ሦስቱም አሉት።

በስተሰሜን ምዕራብ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጭ ነው። ከጉና ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጨጨሆ ሲኬድ መሬቱ በድንገት እየተቆረጠ ወደ ገደል ይገባል። በስተደቡብና በስተምሥራቅ ደግሞ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎ ቆላ፣ እስቴና ስማዳ ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳሉ። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይታያሉ።

ገደል ለአራሽ እንቅፋት ነው፤ ለአሞራ ግን ቤት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል። ነፋስም ከገደሉ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይነሣል። ትልልቆቹ አሞሮች ይህን አየር ተንተርሰው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ከብት፣ በግ፣ ፍየልና የጋማ ከብት በብዛት የሚረባበት አገር ስለሆነም በድን አይጠፋም።

2. መልካቸውና መለያቸው

የአሞራ ስም ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። አንዱ ጆፌ የሚለውን ሌላው በደፈናው አሞራ ይለዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱን በጉልህ ምልክቱ እንጠራዋለን።

ሀ/ አጥንት ሰባሪው አሞራ

በገደላማው ደጋ ከሚታዩት ሁሉ የተለየ ነው። ከሌሎች ጥንብ አንሣዎች በተቃራኒ ራሱና አንገቱ ላባ አለው። ከዓይኑ አንሥቶ ወደ ምንቃሩ የሚወርድ ጥቁር መስመርና ከምንቃሩ ሥር የተንጠለጠለ እንደ ጺም ያለ ጥቁር ጠጉር አለው። ዓይኑ በቀይ ቀለበት የተከበበ ነው። ጀርባውና ክንፉ ጥቁር ግራጫ ሲሆን፣ ደረቱና ሆዱ የዝገት ወይም የቀይ አፈር መልክ አለው። ይህ ቀለም አብሮት የተፈጠረ አይደለም። ብረት ባለው ቀይ ጭቃና ውሃ ውስጥ እየተነከረ ራሱን የሚቀባው ነው። ጫጩቱና ወጣቱ ጠቆር ያሉ ናቸው፤ የአዋቂውን መልክ የሚይዙት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ሲበር ለማወቅ ጅራቱን መመልከት ይበቃል። የአብዛኞቹ ጅራት አጭርና ክብ ሲሆን፣ የእርሱ ረጅምና ወደ ጫፉ እንደ ሽብልቅ የሾለ ነው። ክንፉም ጠበብና ሾጠጥ ያለ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ፣ ማለትም አምስት ክንድ ያህል ይሆናል። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 7 ኪሎ ይደርሳል።

ይህ አሞራ በአፍሪካ ዋነኛ መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 የታተመው የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ስለዚሁ አሞራ ይተርካል። በሊማሊሞ ተራራ ላይ መንገደኞቹ ምሳ ሲያበስሉ አሞራው መጥቶ ከድስቱ የፍየል ሥጋ እንደወሰደ ብሩስ ጽፏል። ዛሬም ቢሆን በደጋ መንደሮች አካባቢ ሰውን ብዙ ሳይፈራ ዝቅ ብሎ ሲያንዣብብ ይታያል።

ለ/ የገደል ጆፌ አሞራ

ትልቅና ከባድ ነው፤ ከ6 ኪሎ ተኩል እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። አንገቱ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ስስ ነጭ ጸጉር ብቻ አለው። በአንገቱ ሥር እንደ ሻሽ ያለ ነጭ ላባ ይከበዋል። የአዋቂው ላባ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ስለሚነጣ ከሩቅ ነጠብጣብ ይመስላል። ምንቃሩ ገረጣ ያለ ነው። ገደል ላይ በማኅበር ይኖራል። ገደሉ በኩሱ ነጭ ተቀብቶ ስለሚታይ የሚያድርበትን ቦታ ከሩቅ ማወቅ ይቻላል።

ዓለም አቀፍ ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደርንና ስሜንን ከጎበኘው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከወፍ ሁሉ ከፍ ብሎ በመብረር የሚታወቀውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 በኮት ዲቯር ከአቢጃን በላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል።

ሐ/ ነጭ ጀርባው አሞራ

ከገደሉ ጆፌ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ልዩነቱ የዚህኛው ላባ ነጠብጣብ የሌለው ቡናማ፣ ምንቃሩም ጥቁር መሆኑ ነው። ሲበር ወገቡ ላይ ነጭ ይታያል። ጎጆውን የሚሠራው በትልልቅ ዛፎች ላይ ስለሆነ ከደጋው ይልቅ ቆላው ይስማማዋል።

መ/ ትንሹ የከተማ አሞራ

በቄራ፣ በገበያ ዳርና በቆሻሻ መጣያ የሚታየው ቡናማ አሞራ ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ተኩል ብዙ አያልፍም። ፊቱ ላባ የሌለውና ሐምራዊ ሆኖ ሲቆጣ ወይም ሲደነግጥ ይቀላል። ከማጅራቱ በላይ ቆብ የመሰለ አጭር ጸጉር አለው። ምንቃሩ ቀጭን ነው። ጎጆውን ዛፍ ላይ ይሠራል። በአካባቢያችን ረጃጅም ያረጁ ዛፎች በብዛት የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ በመሆኑ እነዚህ ደኖች ለዚህ አሞራ ትልቅ ዋጋ አላቸው።

ሠ/ ነጩ አሞራ

መጠኑ ከትንሹ የከተማ አሞራ ጋር ይቀራረባል። ላባው ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ፊቱ ቢጫ ነው። ጅራቱ የሾለ ነው። ወጣቱ ግን ጥቁር ቡናማ ነው። አገር ውስጥ ከሚኖሩት በተጨማሪ ከቡልጋሪያ፣ ከቱርክና ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥተው ክረምታቸውን ለማሳለፍ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ አሉ። ይህም በጀርባቸው በታሰረ የሳተላይት መሣሪያ ተረጋግጧል። ስለዚህ እኛ ዘንድ በመርዝ የሞተ አንድ ነጭ አሞራ የሌላ አገር ጎጆንም ባዶ ያስቀራል።

ረ/ ቀይ ራሱ ትልቅ አሞራ

በቆላ አልፎ አልፎ የሚታይ ሲሆን፣ ራሱና አንገቱ መላጣና ቀይ፣ ቆዳውም የተጨማደደ ነው። ምንቃሩ ከሁሉም ወፍራምና ብርቱ ነው።

3. ጠባያቸው

አበራረር፦ ትልልቆቹ አሞሮች ማልደው አይነሡም። አየሩ እስኪሞቅ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት እስኪያልፍ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ገደሉ ላይ ይጠብቃሉ። አጥንት ሰባሪው ግን የገደል ነፋስ ስለሚበቃው ቀደም ብሎ ይነሣል።

አፈላለግ፦ የእኛ አገር አሞሮች በድን የሚያገኙት በዓይናቸው እንጂ በሽታ አይደለም። እያንዳንዱ ሰማይ ላይ ተራርቆ እየተንሳፈፈ መሬቱንም ጎረቤቱንም ይመለከታል። አንዱ ቁልቁል ሲወርድ ጎረቤቱ ያየዋል፤ ያንንም ሌላው ያየዋል። በዚህ ሁኔታ ባዶ የነበረ ሰማይ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአሞራ ይሞላል። ይህ ጠባያቸው ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም ነው። አንድን በድን በአጭር ጊዜ እንዲጨርሱት ያስችላቸዋል፤ በድኑ ከተመረዘ ግን ከሩቅ አገር ተሰብስበው ባንድነት ያልቃሉ።

አመጋገብ፦ በበድን ዙሪያ ሁሉም እንደ ምንቃሩ የሥራ ድርሻ አለው። ቆዳ የሚበጥሰው ብርቱ ምንቃር ያለው ቀይ ራሱ ነው። ጆፌዎቹ ረጅምና ላባ የሌለው አንገታቸውን አስገብተው የውስጡን ሥጋ ያወጣሉ፤ አንገታቸው መላጣ መሆኑ ከደምና ከስብ እንዳይቆሽሹ ይረዳቸዋል። ትንሹ የከተማ አሞራና ነጩ አሞራ ዳር ቆመው ፍርፋሪውንና በአጥንት መካከል የቀረውን ይለቅማሉ። በመጨረሻ ሌሎቹ ሲነሡ አጥንት ሰባሪው ይመጣል።

አጥንት ሰባሪው ከሚበላው ውስጥ አብዛኛው፣ ከመቶ ከ70 እስከ 90 እጅ የሚሆነው፣ አጥንት ነው። ስንዝር የሚያህለውን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል። የሚበልጠውን ግን በእግሩ ይዞ ሽቅብ ይወጣና ከ50 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ እየደጋገመ ይጥለዋል። ከዚያ ወርዶ መቅኑንና ስብርባሪውን ይበላል። በአንድ ዓለት ላይ ለብዙ ዓመታት ስለሚሠራ ዙሪያው የአጥንት ስባሪ ተከማችቶ ይገኛል። የጨጓራው አሲድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ አጥንቱ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ይፈጫል።

አረባብ፦ እዚህ ላይ በተለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዶሮ በአንድ ጊዜ አሥር ጫጩት ትፈለፍላለች። የገደል ጆፌ፣ ነጭ ጀርባውና ትንሹ የከተማ አሞራ ግን የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። አጥንት ሰባሪው አንድ ወይም ሁለት ይጥላል፤ ሁለት ቢፈለፈሉ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ነው። እንቁላሉን እናትና አባት እየተፈራረቁ ሁለት ወር ያህል ይታቀፉታል። የአጥንት ሰባሪው ጫጩት ከጎጆ የሚወጣው ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ የገደል ጆፌ ጫጩት ደግሞ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያም ራሱ ለመርባት ብዙ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አሞራ ካለቀ እንደ ዶሮ ወይም እንደ በግ ቶሎ አይተካም። በአንድ ቀን የተገደለውን መንጋ መልሶ ለማግኘት የሰው ዕድሜ እኩሌታ ያስፈልጋል።

4. ጥቅማቸው

በድን ሜዳ ላይ ሲበሰብስ ዝንብ ይፈላበታል፤ ዝናብ ሲመጣም እጣቢው ወደ ምንጭና ወደ ጅረት ይወርዳል። ሽታው የሚስበውም ውሻን፣ ቀበሮንና ጅብን ነው። በኬንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አሞራ ያልደረሰበት በድን እስኪያልቅ የፈጀው ጊዜ አሞራ ከደረሰበት ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም እንዳልቀረው አሳይቷል። በበድኑ ላይ የተሰበሰቡት አጥቢ አራዊት ቁጥርም በሦስት እጥፍ ጨምሯል። አራዊቱ በአንድ በድን ላይ ተፋፍገው ሲነካከሱ በሽታ ይተላለፋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህን ትምህርት በሕንድ የደረሰው ሁኔታ ያብራራዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ሦስት የጆፌ ወገኖች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ አለቁ። የሞተው ከብት ሁሉ ለውሻ ተረፈ፤ የውሻውም ቁጥር በጣም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከ1992 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በዚህ ምክንያት በሕንድ ከ47,000 በላይ ተጨማሪ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ እንደሞቱ ገምቷል።

በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በቤጌምድር፣ በትግራይ፣ በጎጃምና በወሎ እንደተነሣ ተመዝግቧል፤ ዛሬም ሰውና ከብት ይገድላል። በመንደሩ ዙሪያ በድን ሲበዛና አሞራ ሲጠፋ የሚጠቀመው ባለቤት የሌለው ውሻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የጅብ ነገርም አብሮ ይታያል። በትግራይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጽሑፍ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀንስ ጅቦች ይበልጥ አህያ ወደ መብላት እንደሚዞሩ አስረድቷል። ይህም ጥንብ የሚበሉ እንስሳት ከሰው የእርድና የጾም ጊዜ ጋር ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ያሳያል።

5. አሞራ በግ ይነጥቃልን?

በደጋ በግ የሚጠብቁ ብዙ እረኞች አጥንት ሰባሪውን ግልገል ነጣቂ ነው ብለው ይከሱታል። ይህ ክስ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ በአልፕስ ተራሮችም የጀርመንኛ ስሙ «የበግ ግልገል አሞራ» ማለት ነበር። በዚሁ ስም ተጠልቶ፣ ለገዳዩም ሽልማት እየተሰጠ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከአልፕስ ጨርሶ ጠፋ። ቆይቶ ክሱ መሠረት እንደሌለው ሲታወቅ ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ በብዙ ድካምና ወጪ እንደገና እየተራባ ወደ ተራራው ተለቀቀ።

እውነቱን ለማወቅ እግሩን መመርመር ይበቃል። ንስርና ጭልፊት የሚነጥቁት በጠንካራ ጥፍራቸው ወግተው ነው። የጥንብ አንሣ እግር ግን ለመቆምና ለመራመድ የተሠራ ነው፤ ጥፍሩ ደነዝና ደካማ ነው። አጥንት ሰባሪው አጥንት ይዞ ለመብረር የሚያስችል ጨበጣ ቢኖረውም ጤናማ በግ ለመግደል የሚያስችል መሣሪያ የለውም። በግልገል ሬሳ ወይም በእንግዴ ልጅ ላይ ሲገኝ ገዳዩ እርሱ ነው ይባላል፤ እርሱ ግን የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። ጫጩትና ከእጅ ላይ ሥጋ የሚነጥቀውም ጭልፊት እንጂ ጥንብ አንሣ አይደለም።

6. ለምን እያለቁ ነው?

በአፍሪካ ስምንት የጥንብ አንሣ ወገኖችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በ30 ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው በአማካይ ከመቶ 62 እጅ እንደቀነሰ አስታውቋል። መንስኤያቸው ከታወቁት ሞቶች ከመቶ 61 እጅ በመርዝ፣ 29 እጅ ለባህል መድኃኒትና ለጥንቆላ ሲባል፣ 9 እጅ በኤሌክትሪክ መስመር የደረሱ ናቸው። ከዚህ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የገደሉን ጆፌ፣ ነጭ ጀርባውንና ትንሹን የከተማ አሞራ ከምድር ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት መዝገብ አስፍሯቸዋል።

ሀ/ መርዝ፦ አርሶ አደሩ መርዙን የሚያስቀምጠው ለጅብ፣ ለነብር ወይም ላበደ ውሻ ነው። ነገር ግን ጅብ ሌሊት ሳይደርስበት ከቀረ ጠዋት የሚደርሰው አሞራ ነው። ጅቡ ቢሞት ደግሞ አሞራ የጅቡን በድን በልቶ ይሞታል። በቦትስዋና በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. በሦስት የተመረዙ የዝሆን በድኖች ዙሪያ 537 አሞሮች ሞተው ተገኝተዋል። በጊኒ ቢሳው ከ2019 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ከ2,000 በላይ ትንንሽ የከተማ አሞሮች በመርዝ አልቀዋል። በእኛም አገር ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን መግደል የቆየ ልማድ ነው። የሞተው ውሻ ተሰብስቦ ካልተቀበረ ያው መርዝ ለአሞራ ይተርፋል።

እኛ የሰብል ባለሙያዎች በተለይ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ለተባይ መከላከያ ተብሎ ወደ ገበሬው እጅ የሚገባ ኬሚካል ሥጋ ላይ ተነስንሶ የአውሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ የሚመዘገበውና የሚሸጠው ለተወሰነ አገልግሎት ነው። ለተባይ የተሸጠን መርዝ ለአውሬ ማዋል አሞራን ብቻ ሳይሆን ከብትን፣ የቤት ውሻንና ሕፃንን ይገድላል።

ለ/ የከብት መድኃኒት፦ የሕንድን አሞሮች የጨረሰው መርዝ አልነበረም። ለከብት ሕመምና ለእብጠት ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። መድኃኒቱን ወስዶ ብዙ ሳይቆይ የሞተን ከብት የበላ ጆፌ ኩላሊቱ ይበላሽና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሊቃውንቱ እንዳሰሉት ለዚያ ሁሉ እልቂት ከመቶ በድን አንዱ እንኳ ሳይሞላ መድኃኒቱን መያዙ በቂ ነበር። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ዳይክሎፌናክን ለከብት መስጠት ከለከሉ። ኬቶፕሮፌን የተባለውም ለአሞራ እንደሚጎዳ ኋላ ታውቋል። በምትካቸው አሞራን የማይጎዳ ሜሎክሲካም የተባለ መድኃኒት አለ።

ዳይክሎፌናክ በሰው መድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገኝ ነው። ስለዚህ «ለሰው ከበጀ ለበሬም ይበጃል» በማለት ያለ ሐኪም መስጠት በአሞራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ከሕንድ መማር ይገባል።

ሐ/ የኤሌክትሪክ መስመር፦ ትልቅ አሞራ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ክንፉ ሁለት ሽቦ ካገናኘ ወዲያው ይሞታል። በጭጋግ ጊዜም ከሽቦ ጋር ይጋጫል።

መ/ የዛፍ መቆረጥ፦ ዛፍ ላይ ጎጆ ለሚሠሩት አሮጌ ዛፍ መጥፋቱ ቤት ማጣት ነው። ወጣት ባሕር ዛፍ ዝግባንና ዋርካን አይተካላቸውም።

7. ምን ማድረግ ይገባል?

ሀ/ ከብት ሲሞት አስቀድሞ የሞቱን ምክንያት ማጣራት

በድን ሁሉ ለአሞራ አይተውም። በዚህ ረገድ በጣም የሚያስፈልገው አባ ሰንጋን መለየት ነው። ጤናማ ይመስል የነበረ ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ ሆዱም ቶሎ ከተነፋ፣ ሰውነቱም ካልደረቀ አባ ሰንጋ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለውን በድን፦

1. አይግፈፉት፤ አይክፈቱት፤ ሥጋውንም ቆዳውንም አይውሰዱ። በሽታው ሰውንም ይገድላል። የበሽታው ዘር በአየር ሲነካ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል።
2. ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያስታውቁ።
3. በባለሙያ ምክር ባለበት ቦታ ያቃጥሉት ወይም ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቅበሩት።
4. እስኪቀበር ድረስ ውሻም አሞራም እንዳይደርስበት በእሾህ ይሸፍኑት። የአሞራ ጨጓራ ብዙ ተሕዋስያንን ቢገድልም በላባውና በእግሩ የያዘውን ደም ወደ ውሃ ሊያደርስ ይችላል።

በመርዝ የሞተ፣ ወይም ከመሞቱ በፊት ማስታገሻ መድኃኒት የተወጋ ከብትም እንዲሁ በጥልቀት መቀበር አለበት።

ለ/ ለአሞራ የሚተው በድን

ገደል የገባ፣ በእርጅና የሞተ፣ አውሬ የገደለው ወይም በምጥ የሞተ ከብት፣ መድኃኒት ያልተሰጠው ከሆነ፣ ለአሞራ ሊተው ይችላል። ቦታው ከመኖሪያ ቤት፣ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ ገላጣ መሆን አለበት። ከመኪና መንገድ ዳርና ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር መጣል አይገባም። ጠዋት ላይ ማውጣት ይመረጣል፤ አሞራ ቀን ከጨረሰው ለሌሊት ጅብ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የቀበሌው ሰው ተመካክሮ አንድ የታወቀ ቦታ ቢወስን የተሻለ ይሆናል።

ሐ/ አውሬን ያለ መርዝ መከላከል

ማታ በግና አህያን በጠንካራ በረት ማስገባት፣ አጥሩን በእሾህ ማጠናከር፣ ያረገዙና የወለዱ በጎችን ቤት ማሳደር ከመርዝ ይልቅ ዘላቂ ጥቅም አለው። ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ ደግሞ የእብድ ውሻን በሽታ ከምንጩ ያደርቃል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

መ/ መድኃኒት

ለከብት መድኃኒት የሚያዝዘው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሕመም ማስታገሻ ሲያስፈልግ ከዳይክሎፌናክና ከኬቶፕሮፌን ይልቅ ሜሎክሲካም እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ሠ/ ጎጆና ዛፍ

ጎጆ ያለበትን ገደልና ዛፍ መለየት፣ በተለይ በበጋ ወራት አጥንት ሰባሪው በሚታቀፍበትና ጫጩት በሚያሳድግበት ጊዜ ድንጋይ አለመወርወር፣ ሣርም ሲታጨድ ወደ ጎጆው አለመጠጋት ያስፈልጋል። ለዚህ ከሁሉ በፊት መማር ያለባቸው እረኞች ናቸው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ መሆኑንም ማስረዳት ይገባል።

ማጠቃለያ

ጥንብ አንሣ አሞራ መኖ አይጠይቅም፤ እረኛም አይፈልግም። የሞተውን ሲያነሣ ለሕያው ከብትና ለባለቤቱ ጤና ያገለግላል። የሚጎዳው በሰው እጅ ነው፤ ጥበቃውም ከባድ ወጪ አይፈልግም። መርዝ አለማስቀመጥ፣ መድኃኒትን በሐኪም ምክር ብቻ መስጠት፣ የአባ ሰንጋን በድን መቅበር፣ ሌላውን በተወሰነ ገላጣ ቦታ ማውጣትና ጎጆውን አለመንካት ይበቃል። አንድ እንቁላል የሚጥል ወፍ አንዴ ካለቀ በእኛ ዕድሜ ተመልሶ ላይታይ ይችላል። በዚያን ጊዜ በጉና አፋፍና በበሽሎ ቆላ የወደቀውን በድን የሚያነሣው ውሻ ይሆናል፤ ከውሻው ጋር የሚመጣውን በሽታ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ የሚታዩት የትኞቹ አሞሮች ናቸው? በምን ትለዩአቸዋላችሁ? በአካባቢው ምን ተብለው ይጠራሉ?
2. አሞሮች ከዛሬ ሃያ ዓመት ጋር ሲነጻጸሩ በዝተዋል ወይስ አንሰዋል? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
3. የመጨረሻው የሞተባችሁ ከብት በምን ሞተ? ምን መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር? በድኑስ ምን ተደረገ?
4. በአባ ሰንጋ የሞተን ከብት በምን ምልክት ታውቁታላችሁ?
5. ለቀበሌያችሁ የበድን ማውጫ ቦታ የት ቢሆን ይሻላል? ለምን?